የተናገርነውን ስለማረም፦ ማይክሮኳዛሮችና የሰማይ ራዲዮ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።



የዛሬው ንግግራችን የሚጀምረው በእርምት ነው። ካሁን ቀደም በዚሁ ፕሮግራም ስለ ሰማያት ስፋት ስንናገር፣ «ሳይንቲስቶች ከብርሃን የሚፈጥን ነገር በሰማይ ላይ አገኙ፤ እስከ ዛሬ ሲያስተምሩት የነበረው ሁሉ ፈረሰ» ብለን ነበር። ይህን ያልነው አንድ ጽሑፍ ርእሱን ብቻ አይተን ውስጡን በወጉ ሳንመረምር ነው። ርእሱ ደስ አሰኘን፤ ለንግግራችንም የሚመች መሰለን፤ ይዘነው ወጣን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መልእክት ላከችልን። ስሟን አንጠቅስም። ሐሳቧ ይህን ይመስላል፦ «ኡስታዝ፣ ፊዚክስ ስንማር ከብርሃን የሚፈጥን ምንም ነገር የለም ተብለናል። እርስዎ የተናገሩትን ሰምቼ አባቴን ስጠይቀው፣ ‹ኡስታዙን ልታርሚ ነው እንዴ?› ብሎ ተቆጣኝ። የትኛውን ልመን? ፈተና ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ልጃችን ሆይ፣ አባትሽም እየሰማን ከሆነ፣ መልሳችን ይኸውና። የተሳሳትነው እኛ ነን። በትምህርት ቤት የተማርሽው ትክክል ነው፤ ፈተናሽ ላይም እሱኑ ጻፊ። አንድም ቁስ አካል በኅዋ ውስጥ ከብርሃን ቀድሞ ሲሄድ አልተገኘም። የተገኘው ከብርሃን የፈጠነ የሚመስል ነገር ነው። በ«ፈጠነ» እና በ«የፈጠነ መሰለ» መካከል ያለውን ልዩነት ሳናጣራ መናገራችን ጥፋታችን ነው። አላህ ይማረን።

ነገር ግን «ተሳስተናል» ብለን ብቻ ብናልፍ የአድማጩን ሐቅ አልከፈልንም። ነገሩ ምን እንደሆነ ከመሠረቱ ማስረዳት አለብን። ስለዚህ ዛሬ ከብርሃን የፈጠነ ስለመሰለው ነገር፣ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደተመረመረ እናወራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ነገሩ ምንድን ነው?

በምንኖርበት ጋላክሲ ውስጥ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩ ብዙ ከዋክብት አሉ። ከእነዚህ ጥንዶች በጥቂቶቹ አንደኛው ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ፣ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ስበቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ ከውስጡ ማምለጥ የማይችል አካል ነው። ሁለተኛው ኮከብ ግን ገና እያበራ ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ጥቁሩ ጉድጓድ ከጎረቤቱ ጋዝ ይስባል።

የሚሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም። ውሃ ወደ ማፍሰሻ ቀዳዳ ሲገባ እየተሽከረከረ እንደሚገባው ሁሉ፣ ጋዙም እየዞረ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ክብ ነገር ይሠራል። እየተፋተገ ሲቀርብ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፤ ኤክስሬይም ያወጣል። ከዚያም ሁሉም ጋዝ ወደ ጉድጓዱ አይገባም። ከፊሉ ከአፋፉ ላይ ተነስቶ፣ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ወደ ብርሃን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት ይወነጨፋል። እኛ ይህን «ተወንጫፊ ጅረት» እንበለው። ከጉድጓዱ ውስጥ የወጣ ነገር እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ገና ከመግባቱ በፊት፣ ከደጃፉ ላይ የተመለሰ ነው።

እንዲህ ያለው ጥንድ ማይክሮኳዛር ይባላል። ኳዛር የሚባሉት በሩቅ ጋላክሲዎች መካከል ያሉና የሚሊዮኖችና የቢሊዮኖች ፀሐይ ክብደት ያላቸው ጥቁር ጉድጓዶች የሚያበሯቸው አካላት ናቸው። ማይክሮኳዛር የእነሱ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት እስከ ሃያ ፀሐይ ገደማ ነው። ትንሽ በመሆኑም ለተመራማሪው ምቹ ነው። በትልቁ ኳዛር ለዘመናት የሚጎተተው ነገር በትንሹ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

ራዲዮ ስንል

እነዚህ ጅረቶች የራዲዮ ሞገድ ይረጫሉ። «ራዲዮ» ስንል አንዳንዱ ድምፅ ይመስለዋል። የራዲዮ ሞገድ ድምፅ አይደለም፤ ዐይናችን የማያየው የብርሃን ዓይነት ነው። አሁን የእኛን ንግግር ወደ ቤታችሁ ያደረሰውም እሱ ነው። ድምፁን የሚሠራው በእጃችሁ ያለው መቀበያ ነው። በጅረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት እየበረሩ በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ሲሽከረከሩም የራዲዮ ሞገድ ያወጣሉ። ይህ ሞገድ ከሺህ ዓመታት ጉዞ በኋላ ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። እሱን ለመያዝ እንደ ሜዳ የሰፋ ሳህን ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ሞገድ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ለወራትና ለዓመታት ጸጥ ይላል። ከዚያ በድንገት ይፈነዳል፤ በፍንዳታውም ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በመስከረም 1972 የታየው ነው። ካናዳዊው ፊሊፕ ግሪጎሪ በአልጎንኩዊን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲግነስ ኤክስ-3 የተባለውን ጥንድ ሲመለከት፣ ደካማ የነበረው ምንጭ በመቶዎች እጥፍ ደምቆ አገኘው። ወዲያው ለሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ዜናው ተላለፈ፤ እነሱም ቴሌስኮፖቻቸውን ወደዚያው አዞሩ። ልብ በሉ፣ ያየ ሰው «አየሁ» ብሎ ብቻውን አልተቀመጠም። ሌሎችም እንዲያዩና እንዲመሰክሩ ጠራ።

መርገብገቡ ምን ይነግረናል?

ይህ ሁሉ ከፍታና ዝቅታ ምን ጥቅም አለው? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ቴሌስኮፕ ሊለየው የማይችለውን የምንጩን ስፋት ይነግረናል። እንዴት? ቢሉ፣ ከራሳችን ሕይወት ምሳሌ እንውሰድ።

በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥር ሰዎች ተቀምጠን ሸይኹ ዱዓእ ሲያደርጉ «አሚን» ብንል፣ ድምፁ አንድ ሆኖ፣ አጭር ሆኖ ይሰማል። በዒድ ቀን ሰፊ ሜዳ ላይ በብዙ ሺህ ሆነን ብንል ግን፣ ሁላችንም በአንድ ቅጽበት ብንለው እንኳ፣ የቅርቡ ሰው ድምፅ ቀድሞ ይደርሰናል፤ የሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ነውና። ስለዚህ ከሰፊው ሜዳ የሚመጣው «አሚን» የተጎተተ፣ «አ...ሚ...ን» የሚል ነው። እንግዲህ ዐይኑን የጨፈነ ሰው አጭርና ቁርጥ ያለ «አሚን» ከሰማ፣ «ይህ ጀመዓ በትንሽ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ነው» ብሎ ሳያይ መናገር ይችላል።

የሰማዩም ነገር እንደዚሁ ነው። ብርሃንም ሆነ ራዲዮ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአንድ ደቂቃ 18 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድ ምንጭ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሙሉ ደምቆ ከደበዘዘ፣ ስፋቱ ከዚያ እጅግ ሊበልጥ አይችልም። ቢበልጥ ኖሮ ከቅርቡ ጫፍና ከሩቁ ጫፍ የሚመጣው ብርሃን በተለያየ ጊዜ ደርሶ መርገብገቡን ያጠፋው ነበር። ከእኛ እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በሺህ የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ ያለ ነገር፣ ከፀሐይ ርቀት አንድ ስምንተኛ በማይሞላ ቦታ ውስጥ እንዳለ በሰዓት ቆጣሪ ብቻ ታወቀ ማለት ነው። ምንጩ በታላቅ ፍጥነት ወደ እኛ የሚመጣ ከሆነ ግን ይህ ስሌት መስተካከል አለበት። ለምን? ይህ ወደ ስህተታችን ምንጭ ይወስደናል።

ከብርሃን የፈጠነ የመሰለው

በነሐሴ 1992 ግራናት የተባለው የሩሲያ ሳተላይት አዲስ የኤክስሬይ ምንጭ አገኘ። ጂ-አር-ኤስ 1915+105 ተብሎ ተመዘገበ። ቁጥሩ በሰማይ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። በ1994 ፌሊክስ ሚራቤልና ሉዊስ ሮድሪጌዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ያሉትን 27 የራዲዮ ሳህኖች ይዘው ተከታተሉት። ከምንጩ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያበሩ ጓሎች ሲራራቁ አዩ። የርቀቱን ግምት ይዘው ሲያሰሉት፣ አንደኛው ጓል በብርሃን ፍጥነት 1.25 እጥፍ የሚሄድ መሰለ። በጋላክሲያችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። በሩቅ ኳዛሮች ላይ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እኛም ያነበብነው ርእስ ስለዚህ ነበር።

ታዲያ ብርሃንን ቀደመው? አልቀደመውም። በምሳሌ እንየው።

አንድ ነጋዴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደሴ ላይ ነው እንበል። ወደ አዲስ አበባ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሳ «ዛሬ ተነሳሁ» የሚል ደብዳቤ በመልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ነጋዴው በቀን 40። ደብዳቤው በ8ኛው ቀን ቤት ይደርሳል። ነጋዴው ራሱ በ10ኛው ቀን ይገባል። የቤቱ ሰዎች ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን እንደ መነሻው ቀን ቢቆጥሩት፣ «400 ኪሎ ሜትር በሁለት ቀን! በቀን 200 ኪሎ ሜትር!» ብለው ይደነቃሉ። ከመልእክተኛው በአራት እጥፍ ፈጠነ ይላሉ። እውነቱ ግን ነጋዴው ከመልእክተኛው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነበር። ተሳስተው የነበሩት ዜናው ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ስላልቆጠሩ ነው።

በሰማይ ላይ መልእክተኛው ብርሃን ነው፤ ነጋዴው ጓሉ ነው። ጓሉ በመጠኑ ወደ እኛ አዘንብሎ ይመጣል። የራሱን ብርሃን ተከትሎ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሮጣል። ስለዚህ ቀድሞ የላከውና ዘግይቶ የላከው ብርሃን ተቀራርበው ይደርሱናል። እኛ የምናየው ወደ ጎን የሄደበትን ርቀት ነው፤ እሱን ለተጨመቀው ጊዜ ስናካፍለው ከብርሃን የበለጠ ፍጥነት ይወጣል። ሚራቤልና ሮድሪጌዝም ራሳቸው ይህን አስልተው፣ እውነተኛው ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 92 በመቶ ገደማ ነው ብለው በዚያው ጽሑፋቸው አስፍረዋል። እነሱ «ብርሃን ተቀደመ» አላሉም። ያልነው እኛ ነን፤ ርእሱን ይዘን ውስጡን የተውን።

ቁጥሩም ተለወጠ

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የመጀመሪያው ስሌት የተሠራው ጥንዱ ከእኛ 40,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል በሚል ግምት ነው። በ2014 ግን ርቀቱን በቀጥታ የለኩ ተመራማሪዎች 28,000 የብርሃን ዓመት ገደማ አገኙት። ልኬቱ ከበድ ያለ የስህተት ወሰን ያለው ነው፤ ከዚያም በኋላ መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል። ርቀቱ ሲያንስ የሚታየው ፍጥነትም በዚያው ልክ ያንሳል። ያ 1.25 የነበረው ቁጥር በ28,000 የብርሃን ዓመት ሲሰላ ከ1 በታች ይወርዳል። ሕጉ አልተለወጠም፤ ሌሎችም ብዙ ምስክሮች አሉት። ቁጥሩ ግን ተለወጠ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኛ ያን ጊዜ አንድ አያ ፈልገን ከዚህ ቁጥር ጋር ለማያያዝ አስበን ነበር። አላህ ጠበቀን እንጂ ብናደርገው ኖሮ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ልጆቻችን ምን ይሉ ነበር? የቁርኣን እውነትነት በቴሌስኮፕ ልኬት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። የሰው ልኬት ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይታረማል፤ ክብሩም መታረሙ ነው። የአላህን ቃል ነገ በሚታረም ነገር ላይ የሰቀለ ሰው፣ ዲኑን የረዳ እየመሰለው ልጆቹን ለጥርጣሬ ያጋልጣል። ሰማይን አይተን እናስተንትን፤ ታዘናልም። ማስተንተን ግን አንድ ነገር ነው፣ ያላጣሩትን በአላህ ስም መናገር ሌላ ነገር ነው።

ከሰዓታት ወደ ቅጽበት

ወደ ነገራችን እንመለስ። ያው ጂ-አር-ኤስ 1915+105 በመስከረም 1997 ሌላ ምስጢር ገለጠ። በአንድ ጊዜ በሦስት መንገድ ታየ፤ በኤክስሬይ፣ በኢንፍራሬድና በራዲዮ። መጀመሪያ ኤክስሬዩ ወደቀ። ከዚያ ኢንፍራሬዱ ደመቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ራዲዮው ተከተለ። ይህ ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውስጥ እየተደጋገመ ሄደ። ተመራማሪዎቹ የተረዱት፣ የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ባዶ ሲሆንና እንደገና ሲሞላ የጋዝ ጓል ወደ ውጭ እየተወነጨፈ መሆኑን ነው። ጓሉ ሲለጠጥና ሲሳሳ መጀመሪያ በኢንፍራሬድ፣ ቀጥሎ በራዲዮ ይታያል። የመሳቡና የመወንጨፉ ግንኙነት እንዲህ በሰዓት ተቆጥሮ ታየ።

ሁለተኛው ምሳሌ ቪ404 ሲግኒ ነው። ርቀቱ 7,800 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ የጥቁሩ ጉድጓድ ክብደት ዘጠኝ ፀሐይ ያህል ነው። ዘጠኝ ፀሐይ ግን የታመቀው ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን መንገድ በሚያህል ስፋት ውስጥ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1938 ሲደምቅ ተራ የኮከብ ፍንዳታ መስሎ ተመዘገበ። በ1989 ጊንጋ የተባለው የጃፓን ሳተላይት እንደገና አየው። ከዚያ ለ26 ዓመታት ዝም አለ። ሰኔ 15 ቀን 2015 በድንገት ነቃ።

ለሁለት ሳምንታት ያህል የብዙ አገሮች ቴሌስኮፖች ወደሱ ዞሩ። ከሃዋይ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች የተዘረጉ አሥር የራዲዮ ሳህኖች እንደ አንድ ሆነው የጅረቱን ምስል ሊያነሱ ሞከሩ። ምስሉ ግን ደብዛዛ ሆነባቸው። የሚሮጥ ሕፃን በዘገምተኛ ካሜራ ሲነሳ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሌላ ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። በጄምስ ሚለር-ጆንስ የሚመራው ቡድን ግን የአራት ሰዓቱን መረጃ 70 ሴኮንድ ገደማ በሚሸፍኑ 103 ክፍሎች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አይቶ እንደ ፊልም አያያዘው። ያን ጊዜ እውነቱ ታየ። ጅረቱ አቅጣጫውን በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ እየቀየረ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይወነጨፍ ነበር።

ለምን? እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ ሲሽከረከር ጭራው እየተወላገደ እንደሚዞር አይታችኋል። የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ በአጠገቡ ያለውን ኅዋ ራሱን አብሮ ይጎትታል፤ ይህ በአንስታይን የስበት ትምህርት የሚታወቅ ነገር ነው። ዲስኩ ከጉድጓዱ ሽክርክሪት ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ውስጠኛው ክፍል እንደ እንዝርቱ ይወላገዳል፤ ጅረቱንም ይዞት ይዞራል። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ከፍንዳታው እስከ ኅትመቱ አራት ዓመት ማለት ነው። እኛስ? እኛ ርእስ አንብበን በሳምንቱ ማይክሮፎን ላይ ወጣን።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉም የፈጠነው ነው። በቻይና ጉዪዡ ግዛት በተራሮች መካከል የተሠራ 500 ሜትር ስፋት ያለው ፋስት የተባለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። በጥር 2021 እና በሰኔ 2022 ከጂ-አር-ኤስ 1915+105 የሚመጣው ራዲዮ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ መዘገበ። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ብርሃን በዚያች አንድ አምስተኛ ሴኮንድ የሚሄደው 60,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የምድርን ስፋት አምስት ጊዜ አይሞላም። ምክንያቱ ምናልባት የጅረቱ መወላገድ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ ቀርቧል። ጉዳዩ ግን ተቆርጦ ያለቀ አይደለም፤ አጥኚዎቹም ያለቀ አላስመሰሉትም።

እንዲህ ያለ ፈጣን ምልክት ሲገኝ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሰማይን አይደለም፤ ራሱን ነው። ስልክ፣ ሳተላይት፣ የመኪና ሞተር፣ የገዛ መሣሪያው ሁሉ ራዲዮ ይረጫሉ። በከዋክብት መካከል ያለው ስስ ጋዝም ሞገዱን ያርገበግበዋል። የፋስት መቀበያ 19 ዐይኖች አሉት። አንድ ምልክት ወደ ዕቃው በተነጣጠረው ዐይን ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ከታየ፣ ከሰማዩ ሳይሆን ከሰፈር የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ይህን ሁሉ አጣርቶ የቀረውን ነው «አገኘን» የሚሉት።

ከዚህ ምን እንያዝ?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ የታዘዝነው እኛ ሙስሊሞች ነን። ታዲያ አምስተኛዋን የሴኮንድ ክፍል ለማጣራት ዓመታት የሚደክሙ ሰዎች ሲኖሩ፣ እኛ የሰማነውን ሁሉ ወዲያው ከጆሮ ወደ ምላስ ማሳለፋችን አያሳፍርም ወይ? ይህን የምንለው ከማንም በፊት ለራሳችን ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጂ-አር-ኤስ 1915+105 የሚገኝበት የሰማይ ክፍል ንስር ይባላል። ብሩሁ ኮከቡም እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ አልታኢር ነው የሚባለው። ዐረብኛ ነው፤ «የሚበረው» ማለት ነው። ቪ404 እና ሲግነስ ኤክስ-3 ያሉበትን ክፍል ዐረቦች ዶሮ ይሉት ነበር። ብሩሁ ኮከቡ ዘነብ፣ «ጭራ»፣ ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 ገደማ ስለ ቋሚ ከዋክብት ባዘጋጀው መጽሐፉ የቀደሙትን ግሪኮች ዝርዝር እንዳለ አልገለበጠም። ከዋክብቱን በገዛ ዐይኑ እያየ፣ የብርሃናቸውን መጠን እያረመ ጻፈ። በበስራ የተወለደውና በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈው ኢብኑል ሀይሠምም የእይታን ምንነት ሲመረምር የታላላቆቹን አባባል በሙከራ ፈተነ፤ በበጥሊሞስ ላይ ያሉትን ጥያቄዎችም ለብቻ መጽሐፍ አድርጎ ጻፈ። ቀዳሚን ማክበርና ቀዳሚን መመርመር ለእነሱ አይጣሉም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና አለ። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ተጋረደች» አሉ። ያን ወሬ ዝም ቢሉት ለእሳቸው ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር። እሳቸው ግን በኀዘናቸው ውስጥ ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን አስተማሩ፤ ወደ ሶላትም ጠሩ። የሚጠቅም የሚመስለውን ስህተት ማረም ሱና መሆኑን ከዚህ ያልተማርን ከየት እንማራለን? የቪ404 ፍንዳታም እንደዚሁ ነው። በ2015 ያየነው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከ7,800 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ስለ ዘንድሮው ጉዳያችን የተላከ መልእክት አድርጎ የሚያወራላችሁ ቢኖር፣ ያን ሐዲስ አስታውሱት።

አሁን ወደ ልጃችን አባት እንመለስ። ወንድማችን፣ ልጅህን የተቆጣሃት ለእኛ አክብሮት ብለህ እንደሆነ እናውቃለን፤ አላህ ይስጥህ። ነገር ግን አክብሮቱን በሌላ መንገድ አድርግልን። ልጅቷ ስትጠይቅ አትከልክላት። «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በላት። ኡስታዝም ሊሳሳት እንደሚችል ከአንተ አፍ ትስማ። ይህን ከአንተ ብትሰማ ዲኗን አይጎዳም። ሌላ ሰው «ኡስታዞቻችሁ ዋሹአችሁ» ብሎ ቢነግራት ግን ይጎዳታል። ዛሬ በቤት ውስጥ የታፈነ ጥያቄ ነገ ከቤት ውጭ መልስ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ አድርጉ። በመስከረም አጋማሽ፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ደጅ ውጡ። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ፣ ከራሳችሁ ትክክል በላይ ሊባል በሚችል ቦታ አንድ ብሩህ ኮከብ ታያላችሁ። እሱ አልታኢር ነው። ከእሱ ወደ ምዕራብ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ዐይን በማያየው ቦታ፣ ያ ስንናገርለት ያመሸነው ጥንድ አለ። እናንተ አታዩትም፤ እኛም አናየውም። ነገር ግን እዚያ እንዳለና ከብርሃን እንደማይቀድም በማስረጃ እናውቃለን። ልጅህ ታሳይህ፤ አንተም ስማት።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ያላወቅነውን «አላሁ አዕለም» የምንልበትን ልብ፣ የተሳሳትነውን የምናርምበትን ድፍረት ይወፍቀን። ልጆቻችንን በዕውቀትም በኢማንም ያሳድግልን። አሚን።

ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።